ፋሮ ወይስ ማላጋ?

በጥር 2017 ዓ.ም.፣ ወድ መደኒ ወደ መንግሥት ሠራዊት እጅ በተመለሰች ማግሥት፣ ስዊድን አገር የሚኖር አንድ የወጣትነት ወዳጄ ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። ወቅቱን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው አውራ ጎዳና በፋው በኩል ያልፋል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መደኒ ስትያዝ፣ ፍራሽና ፍየል፣ ሕፃንና አሮጊት ተሸክሞ በዚሁ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የጎረፈውን ሕዝብ በዓይናችን ያየን ሰዎች፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚመለሱትን እየቆጠርን ነበር። የስልኩ መሥመር ስለማይታመን የምንገናኘው በስታርሊንክ ነው። ሳሕኑን ያቆመው ባለሱቅ በሰዓት ያስከፍላል፤ ምልክቱም እስከ ወዳጄ እናት ግቢ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ጥሪውን የተቀበልሁት እዚያው፣ እናቱ በገመድ አልጋቸው ላይ ጋደም ባሉበት ራኩባ ሥር ሆኜ ነበር።

ወዳጄ ከእናቱ ጋር ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር በየዓመቱ በመጋቢት ለአንድ ሳምንት ወደ ደቡብ አውሮፓ እየወረዱ ጎልፍ ይጫወታሉ። ዘንድሮ ቦታውን የመምረጥ ተራው የእርሱ ነው። አንዱ ቦታ በፖርቱጋል ደቡብ የሚገኘው አልጋርቭ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ፋሮ ላይ ነው። ሌላው በስፔን የሚገኘው ኮስታ ዴል ሶል ሲሆን፣ የሚያርፉትም ማላጋ ላይ ነው። «ዋጋው አንድ ነው፤ ፀሐዩ አንድ ነው፤ ሜዳው አንድ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰብሁበት። እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ፤ አቃተኝ። አንተ መጻሕፍት ታገላብጣለህና እስቲ ንገረኝ፤ ፋሮ ወይስ ማላጋ?»

ውድ አንባቢ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ሳቁ ሲበርድ የተተካው ግን ንዴት ነው፤ ስለ ንዴቱ ወደኋላ እመለስበታለሁ። «አስቤበት እነግርሃለሁ» አልሁት። የከፈልሁበት ሰዓትም አለቀ።

ጎልፍን አይቶ ለማያውቅ ጥቂት ልናገር። ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ በዘንግ እየመታ፣ በሰፊ የሣር መስክ ላይ ወደተቆፈሩ 18 ጉድጓዶች በየተራ ያስገባታል። በጥቂት ምት የጨረሰ አሸናፊ ነው። ዱላና ኳስ መሆኑን ሲሰማ የእኛ ሰው ወዲያው የሚያስበው የገና ጨዋታን ነው፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። በገና አንዲት ሩር አለች፤ ሁለት ወገን ይረባረብባታል፤ ጌታም ቢሆን በሎሌው ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ ለዚያች ቀን አይቆጣም። በጎልፍ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ኳስ አለው። አራት ሆነው ቢሄዱም እያንዳንዱ የሚታገለው ከራሱ ጋር ነው። ይህን ስል ማናናቄ አይደለም፤ ከራሱ ጋር ታግሎ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ጨዋታው ለአካባቢያችንም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የጎልፍ ሜዳ አለ። በእንግሊዞች ዘመንም በካርቱም በአሸዋ ላይ ይጫወቱት ነበር፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ሣር ማብቀል ስላልሆነላቸው አሸዋውን በዘይት እያራሱ ያጠነክሩት ነበር ይባላል። ሰው ለጨዋታው ሲል በረሃን እንኳ በዘይት ያጠጣል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። በሁሉ ነገር እኩል ከሆኑ ሁለት መልካም ነገሮች አንዱን መምረጥ በምን ይቻላል? ነገሩ የቅንጦት ይምሰል እንጂ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ ለዚህ አገር ሰው ቅርብ የሆነው የአል-ገዛሊ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1058 እስከ 1111 የኖረው ይህ የእስልምና ሊቅ፣ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ የቴምር ረሃብ ያለበትን ሰው ከሁለት ቴምሮች ፊት ያቆመዋል። ቴምሮቹ በመጠን፣ በቀለም፣ በቅርበት አንድ ናቸው፤ ሰውየው ሁለቱንም መውሰድ አይችልም። ታዲያ የሚለይበት ምክንያት ስላጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? አል-ገዛሊ፣ «አይቀመጥም፤ ፈቃድ ማለት እኮ አንዱን ነገር ከአምሳያው የሚለይ ኃይል ነው» ይላል። በአውሮፓ ደግሞ ተመሳሳዩ ጥያቄ የሚጠራው በአህያ ነው። በሁለት እኩል የድርቆሽ ክምሮች መካከል ቆማ፣ ወደየትኛውም የምትሄድበት ምክንያት ስላጣች በረሃብ የሞተች አህያ ትነገራለች። የ14ኛው ምዕተ ዓመቱ ፈረንሳዊ ሊቅ የቡሪዳን አህያ ትባላለች፤ በእርሱ ጽሑፎች ውስጥ ግን አትገኝም። የፋውን የውኃ ካሮ የምትጎትት አህያ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ በሁለት ክምር ድርቆሽ መካከል ቆማ ግን አላውቃትም።

ለአል-ገዛሊ መልስ የሰጠው ኢብን ሩሽድ ነው። ኢብን ሩሽድ እ.ኤ.አ. በ1126 በኮርዶባ የተወለደ፣ የዚያው የፀሐያማው የአንዳሉስ ልጅ ነው። ወዳጄ ሊጫወትበት ካሰበው ከማላጋ ወደ ሰሜን ቢነዳ በጥቂት ሰዓት የሊቁ አገር ይደርሳል። አልጋርቭም ቢሆን ከአረብኛው «አል-ገርብ»፣ ማለትም «ምዕራቡ» ከሚለው የተወረሰ ስም ነው። ኢብን ሩሽድ የሚለው እንዲህ ነው፦ የተራበው ሰው አንዱን ቴምር ሲያነሣ ያንን ቴምር ከሌላው ማስበለጡ አይደለም፤ መብላትን ካለመብላት ማስበለጡ ነው። ከሁለቱ የትኛውም እጁ ቢገባ የፈለገውን አግኝቷል። እንግዲህ ምርጫው ያለው በቴምርና በቴምር መካከል ሳይሆን በመውሰድና በመተው መካከል ነው።

ይህን ሳነብ ለወዳጄ መልስ ያገኘሁለት መሰለኝ። «ሳንቲም ወርውር፤ ከሁለቱ የትኛውም ቢወጣ ዕረፍትን ከድካም መርጠሃል» ልለው ነበር። ነገር ግን ሰው ቴምር አይደለም እንጂ አገርም ቴምር አይደለም። በእርግጥ ሁለቱ ቦታዎች እኩል ናቸውን? ብዬ ጥቂት መረመርሁ።

በቁጥሩ ይለያያሉ። ኮስታ ዴል ሶል ስሙ «የፀሐይ ዳርቻ» ማለት ሲሆን፣ ከ70 በላይ የጎልፍ ሜዳዎች እንዳሉት ስለሚነገር «የጎልፍ ዳርቻ» የሚል የቅጽል ስም ወጥቶለታል፤ አልጋርቭ ወደ 40 የሚጠጉ አሉት። በአንድ ነገር ግን ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ውኃ ይጠማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከረጅም ድርቅ በኋላ የፖርቱጋል መንግሥት በአልጋርቭ የእርሻው ውኃ በሩብ እንዲቀነስ፣ ከተማውና ቱሪዝሙም ከድርሻቸው እንዲያጎድሉ ወሰነ። በዚያው ዘመን ከማላጋ በስተ ምሥራቅ ያሉ የአቮካዶ ገበሬዎች ዛፎቻቸው ሲደርቁ ያዩ ነበር። ኋላ ዝናቡ ተመለሰና ክልከላው ላላ።

የውኃ ነገር ለፋው ሰው አይተረክለትም። ከእኛ አገር ሽንፋ ተብሎ የሚወርደው የራሃድ ወንዝ በበጋ ስለሚደርቅ፣ 300,000 ፈዳን የሚሸፍነው የራሃድ እርሻ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚጠጣው ከዓባይ በፓምፕ የተሳበ ውኃ ነው። ውኃው በድንድር ወንዝ ሥር በተቀበረ ማስተላለፊያ አልፎ በቦይ ይመጣል። ፓምፑ በቆመ ጊዜ የጥጡም፣ የኦቾሎኒውም፣ የሰውም ፊት እንዴት እንደሚጠወልግ አይተናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሣር ለጨዋታ ሲያጠጣ ስንሰማ አንጀታችን መቆጣቱ አይቀርም። ሆኖም በሐቅ ልናገር፤ ፋሮ ላይ የተቆጠበ አንድ ባልዲ ውኃ ፋው አይደርስም። ከስፔን ሜዳዎች ብዙዎቹም የሚጠጡት ተጣርቶ የተመለሰ የከተማ ፍሳሽ ነው። ያንን ሣር እያጨደ ልጆቹን የሚያሳድግ ሠራተኛም አለ። በውኃው ምክንያት ሁለቱንም ቦታ መንቀፍ ይቻል ይሆናል፤ አንዱን ከሌላው መለየት ግን አልቻልሁም።

ታዲያ ያ ንዴት ከምን መጣ? ራሴን ስመረምር ያገኘሁት ቅናት ነው፤ የጽድቅ ካባ የለበሰ ቅናት። እኛ ዘንድ በሚያዝያ ፀሐይ ስትከር ሰው ከርሷ ሸሽቶ ራኩባ ሥር ይገባል፤ እርሱ ግን ወርቅ ከፍሎ ይፈልጋታል ብዬ ነበር የተናደድሁት። ነገር ግን በስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንን ጨለማ መቋቋም አቅቶት ይጽፍልኝ የነበረውን ደብዳቤ አስታውሳለሁ። በ1977ቱ ረሃብ ፋው አጠገብ ካምፖች ሲተከሉ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳይሆን የእናቱን ዕቃ ተሸክሞ በእግሩ የመጣ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሠርቷል። ዕረፍት ደግሞ ለሠራ ሰው ሁሉ የተገባ ነው፤ የት አረፈ፣ በምን አረፈ ብሎ መመርመር የጎረቤት ሥራ አይደለም። በዚህ አሳቤ ረክቼ መልሴን በማግሥቱ ልልክለት ወሰንሁ።

በማግሥቱ ወደ እናቱ ግቢ ስገባ ግቢው ተጠርጓል፤ ውኃም ተርከፍክፎበታል። ሁለት አውራ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ከራኩባው ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል። የጎረቤት ልጅ ጎንበስ ብላ ቡና ትለቅማለች።

«እንግዳ አለብዎ እንዴ፣ እማማ?» አልኋቸው።

«ትናንት ሲነግርህ ሰማሁ እኮ» አሉኝ። «ወደ ፋው ልምጣ ወይስ ወደዚያ ወደ ሌላው አገር ልሂድ ሲል አልነበረም? ሁለት ሳምንት አሰብሁበት ብሏል። እስከ ዓርብ ነው ያለው። አንተ ምን ብለህ መለስህለት?» ትንሽ ዝም ብለውም፣ «ያ ማላጋ የሚሉት አገር ከፋው ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ውድ አንባቢ፣ እማማ ፋሮን ፋው ብለው ነው የሰሙት። መሥመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ጆሯቸውም ደክሟል፤ ስሙም ይቀራረባል። ይሁንና ከሁሉ በላይ የነካኝ መሳሳታቸው አይደለም። ልጃቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋውን ከሌላ አገር ጋር ሲያመዛዝን እንደሰነበተ አምነው፣ አለመወሰኑ አላስከፋቸውም። በሚዛኑ ላይ መቀመጣቸው ብቻ ግቢ ለማስጠረግና ዶሮ ለማስገዛት በቅቷቸዋል።

ያን ጊዜ ኢብን ሩሽድን በግማሽ ብቻ እንዳነበብሁት ገባኝ። ምርጫው በቴምርና በቴምር መካከል አይደለም ማለቱ እውነት ነው። ሁለቱን ቴምሮች ከሰውየው ፊት ያስቀመጠው ግን ማን ነው? በአል-ገዛሊ ምሳሌ ውስጥ ቴምሮቹ እንዲሁ ተገኝተዋል፤ በሕይወት ግን ዝርዝሩን የምናወጣው እኛው ነን። ወዳጄ በፋሮና በማላጋ መካከል ሁለት ሳምንት ሲጨነቅ ከልቡ ተጨንቋል፤ ያ ጭንቀት ግን የገባው ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ሲወጣ አንዲት ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አላጣም። ሰው በሕሊናው ፊት የሚመረመረው በመረጠው ነገር ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ይበልጥ የምጠረጥረው ለምርጫ እንኳ ሳይቀርብ የቀረውን ነገር ነው። እዚያ ላይ ተሟግተን ስለማናውቅ ጥፋተኛ የሆንን አይመስለንም።

ለወዳጄ መከራከሪያ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፤ ብርቱም ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ሰው በፖርት ሱዳን ወርዶ በየኬላው እየተፈተሸ በመኪና መጓዝ ነበረበት። የፋው አካባቢ ራሱ የጦር ግንባር ሆኖ ከርሟል። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ወደዚህ አትሂድ ቢባል የሚባለው በፍቅር ነው። ለእናቱም በየወሩ ሳያቋርጥ ይልካል፤ ዶሮዎቹ የተገዙት በእርሱው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ ጦርነቱ ድረስ መንገዱ ክፍት የነበረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አሉ፤ ጎልፍ የተጀመረውም በእነዚያው ዓመታት ነው።

በእርሱ ላይ ብቻ እንዳይመስል የራሴን ልጨምር። በ2003 ዓ.ም. የዒድ ዕረፍት ሲደርስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የት እንደምናሳልፍ ስንከራከር ሰነበትን። አንዱ ካሰላ ነው አለ፤ የታካን ተራራና የፍራፍሬውን ጥላ አወሳ። ሌላው ፖርት ሱዳን ነው አለ፤ ባሕሩን አወሳ። የጥላና የባሕር ነገር ሆኖ ሦስት ሌሊት ሙሉ በሻይ ላይ ተከራከርን፤ በመጨረሻም ካሰላ አሸነፈ። ደስ የሚል ዕረፍትም ነበር። አባቴ ያን ጊዜ ጭልጋ ነበሩ። በገላባትና በመተማ በኩል አንድ ቀን ተኩል ቢያስኬድ ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር አንድ ጊዜ እንኳ ጭልጋ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ተከራክሬ ጭልጋን ብተወው ኖሮ ዛሬ የምጸጸትበት ምክንያት ይኖረኝ ነበር፤ አላሰብሁትም። በተከታዩ ዓመት ክረምት አባቴ አረፉ።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት በእማማ ፊት ቆሜ ሁለት ነገር ነበር የሚታየኝ። ዝም ብል እስከ ዓርብ ድረስ ደስታቸው ይቆያል፤ ከዓርብ በኋላ ግን ልጃቸው መዝኖ ትቷቸው የሄደ ይመስላቸዋል። እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ መጀመሪያውኑ በሚዛኑ ላይ እንዳልነበሩ ያውቃሉ። የትኛው ይከፋል? ይህን የሚፈታ መጽሐፍ አላነበብሁም። ነገርኋቸው። ፋሮ የሚባል አገር እንዳለ፣ ፖርቱጋል የሚባል መንግሥት ግዛት እንደሆነ፣ ነገሩ የጨዋታ ጉዞ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

እማማ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ልጅቱ ቡናውን መልቀሟን አቆመች፤ «ቁዪው፤ ምን ሆነሻል?» ብለው አስቀጠሏት።

«እዚያ ምን አለ?» አሉኝ።

«ፀሐይ አለ።»

«ፀሐይ?» አሉና ከራኩባው ውጭ ያለውን ሜዳ አይተው ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ከሁለቱ ለእኛ የሚቀርበው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን አየሁ። ፋሮ ይበልጥ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውቅያኖሱ ገባ ያለ ነው። «ማላጋ ይቀርባል፣ እማማ። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ነው።»

«እንግዲያው ማላጋ ይሂድ» አሉ።

ሁለት ሳምንት የታሰበበት፣ እኔም መጽሐፍ ያገላበጥሁበት ነገር በዚህ አለቀ። ቃላቸውን እንዳለ ጽፌ ላክሁለት። መልሱ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መልእክቴ ሳይደርሰው ባልደረቦቹ ቸኩለው ለፋሮ ትኬት ቆርጠዋል። «ለእማዬ ምን ልበላት?» ይላል ከሥሩ። ምን በላት እንደምለው አላወቅሁም፤ አልመለስሁለትም።

በመጋቢት አንድ ማለዳ እማማ በራቸው ላይ ቆመው ሳልፍ ጠሩኝ። «ልጄ ማላጋ ገባ?»

«ገብቷል፣ እማማ።»

«ፀሐዩ እንዴት ነው ይላል?»

«ጥሩ ነው ይላል» አልኋቸው። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።